ኦሚክሮን በበረታበት ሰሞን ልጆችን ይዞ ወደ ዲዝኒ ወርልድ ይኬዳል?

መነሻ ፖስት፣ ዲሴምበር 20 ቀን 2021

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

ጃንዋሪ 8 ፍሎሪዳ ወዳለችው ኦርላንዶ ልንሄድ ተዘጋጅተናል። አምስት ቀን ነው፤ አብዛኛውን የምናሳልፈው ዲዝኒ ወርልድ የሚባለው መዝናኛ ፓርክ ነው። ቦታ የያዝነው በሴፕቴምበር ነበር። ያኔ ዴልታ የሚባለው የኮሮና ዝርያ ማዕበል መብረድ ጀምሮ ስለነበር እስከ ጃንዋሪ ነገሩ ያልፋል ብለን ነበር። አላለፈም። የዓለም ጤና ድርጅት ኖቬምበር 26 ኦሚክሮንን አሳሳቢ ዝርያ ብሎ ከሰየመው ገና አንድ ወር አልሞላም፤ አሁን በየዘመዱ ቤት ገብቷል።

እኛ አምስት ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 ዓመት ወንድ ልጄ፣ የ4 ዓመት ሴት ልጄ እና እናቴ። ከ5 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች ክትባቱ በኖቬምበር መጀመሪያ እንደተፈቀደ ወንዱን ወስደን ሁለቱንም ዙር አስከትበናል። ትንሿ ግን ዕድሜዋ አልደረሰም። አምስት ዓመት የሚሞላት በኤፕሪል ነው። ባለፈው አርብ ደግሞ ፋይዘር ከ2 እስከ 4 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ሁለት ዙር በቂ እንዳልሆነና ሦስተኛ ዙር ሊሞክር እንደሆነ አስታወቀ። ያን ሳነብ ቀልቤ ተገፈፈ። እናቴ ሦስተኛውን ክትባት ወስዳለች፤ ግን አስም አለባት።

ልጄ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የወረቀት ሰንሰለት ሰቅላለች። አንድ ቀለበት አንድ ቀን ነው። በየማታው ወንበር ላይ ቆማ አንዱን ትቀዳለች። ዛሬ 19 ቀርቷል። እኔም በየማታው ሳያት ሆዴ ይላወሳል።

እንሂድ? እናሳጥረው? እንሰርዘው? የሄዳችሁ፣ የተዋችሁ፣ እዚያ የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልሶቹ (ጃንዋሪ 5 ቀን 2022 የጨመርኩት)

ክሩ፣ ማለትም ይህ ውይይት፣ 24 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚገባው ሰው ያንኑ ጥያቄ እየደገመ ስለሆነ ማን ምን እንዳለ በራሴ ቃል ላስፍረው። ቅደም ተከተሉን አልነካሁም።

1ኛው መልስ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ጸሐፊው በኖቬምበር መጨረሻ፣ በምስጋና ቀን ሰሞን፣ ከአራት ቤተሰቡ ጋር ሄዶ ነበር። ጥሩ ማስክ አድርገው፣ ምግብ ውጭ እየበሉ፣ ማንም ሳይታመም ተመልሰዋል። ስለ እናቴ ጤንነት ጠይቆ፣ መልካም ጉዞ ተመኝቶ ነው የጨረሰው። ልቤ ትንሽ አረፈ።

2ኛው ግን አላሳረፈኝም። በትሕትና ነው የጀመረው፤ ነገሩ ግን ከባድ ነው። በኖቬምበር መጨረሻ ያለ ችግር መመለስ ለጃንዋሪ ማስረጃ እንደማይሆን አስረዳ። ያኔ የነበረው የዴልታ ጅራት ነው። ቀጥሎ ያመጣው ስሌት እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። በመጀመሪያው ዝርያ ሰው ከተያዘ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ በአማካይ አምስት ቀን ገደማ ይወስድ ነበር። በኦሚክሮን ወደ ሦስት ቀን ወርዷል። እንግዲህ የአምስት ቀን ጉዞ አስቡ። መጀመሪያ ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የተያዘ ልጅ የሚታመመው በጉዞው መሀል፣ ከቤት ርቆ ነው። ድሮ ቢሆን ቤቱ ከገባ በኋላ ነበር። ስለዚህ ሰውየው የሚለው፣ የመያዝ ዕድልን ብቻ ሳይሆን የት ሆናችሁ እንደምትታመሙ አስቡ ነው። እኔ እስከዚያ ድረስ ይህን አንድም ቀን አላሰብኩትም።

3ኛው አንድ መስመር ብቻ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ምንም አታስታውስም፣ ሰርዙት አለ። ሰላምታ እንኳን የለውም። ተናደድኩ። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

4ኛው ክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ የረዘመው ነው። ጸሐፊዋ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ለዓመታት የሠራች ናት። ሰው ፓርክ ሲባል ሜዳ ነው የሚመስለው አለች። እውነቱን ለመናገር፣ ቀኑ የሚያልቀው ሰልፍ ላይ ነው፤ ሰልፉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከውጭ ይጀምርና ወደ ቤት ውስጥ ይገባል። ከአንዳንድ መጫወቻዎች በፊት ሰውን የሚሰበስቡበት ክፍል አለ። በሩ ይዘጋል፣ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ታሪኩ ይነገራል፤ ሕዝቡ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ያዳምጣል። እሷ የምትፈራው ፈጣኑን ሮለር ኮስተር ሳይሆን ያንን ክፍል ነው። ሮለር ኮስተሩ ላይ አየሩ ይጠርጋል። ቀጥላ ምግብ ቤቱን አነሳች፤ እዚያ ማስክ የግድ ይወልቃል። ከዚያ ከሆቴል ወደ ፓርክ የሚያመላልሰውን አውቶቡስ።

ዲዝኒ ወርልድ ከጁላይ 30 ቀን 2021 ጀምሮ ከ2 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ፣ ተከተበም አልተከተበም፣ ቤት ውስጥና ትራንስፖርት ላይ ማስክ እንዲያደርግ ወስኖ ነበር። ውጭ ግን በፈቃድ ነበር። እሷ የጨመረችው ወረቀት ላይ የማይጻፈውን ነው። የአራት ዓመት ልጅ ማስክ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ይረጥባል። ጠርዙን ትነክሰዋለች፣ ጭማቂ ይፈስበታል፣ መሬት ላይ ይወድቃል። የረጠበ ማስክ ደግሞ ለመተንፈስም ይከብዳል፣ ማጣሪያነቱም ይቀንሳል። ለአንድ ልጅ በቀን ስድስት ማስክ ያዙ አለች። በር ሲከፈት ግቡ፣ ሰው ሳይበዛ ዋና ዋናውን ጨርሱ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ውጡ። ከዚህ ክር ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ እንኳን ይህንን መልስ አትዝለሉ።

5ኛው ፓርኩ የክትባት ማስረጃ ይጠይቅ እንደሆነ ጠየቀ። 6ኛው እንደማይጠይቅ፣ ቢፈልግም እንደማይችል መለሰ። ፍሎሪዳ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ንግድ ቤቶች ከደንበኛ የክትባት ማስረጃ እንዳይጠይቁ በሕግ ከልክላለች፤ ቅጣቱም በአንድ ጥፋት እስከ 5,000 ዶላር ይደርሳል። ዲዝኒላንድ ፓሪስ ግን ከዚያው ወር ጀምሮ በፈረንሳይ ሕግ መሠረት የጤና ማለፊያ ይጠይቅ ነበር። አንድ ኩባንያ ነው፤ በሁለት አገር ሁለት በር አለው።

ይህን ጊዜ ነገር ከረረ። 7ኛው ፖለቲካ ይዞ ገባ። 8ኛው ተሳደበ፤ አወያዩ አጠፋው። ስለ ሁለቱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

9ኛው መልስ የአንዲት እናት ነው። አምስት የልጅ ልጆች እንዳሏቸው ጽፈዋል። በኦገስት፣ ዴልታ በበረታበት ወቅት፣ ልጆቹ ለመዝናናት ሄደው ተመለሱና እሑድ ሊጠይቋቸው መጡ። ትልቁ ልጅ ትንሽ ያስነጥሰው ነበር። ረቡዕ እሳቸው ተኙ። ሦስት ሳምንት ከአልጋ አልወረዱም። ማንንም አልወቀሱም። የሚቆጫቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት ከመጡ በኋላ ማንን እንደሚያዩ የተነጋገረ ሰው አልነበረም። ዕቅዱ ሁሉ ስለ መሄድ ነበር። ከዚያ አንድ ጥያቄ ወረወሩልኝ። እናትሽን ጠይቀሻታል ወይ?

አልጠየቅኳትም ነበር። ስለ እናቴ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ጽፌ፣ ከጎኔ ያለችውን እሷን አልጠየቅኳትም። ያን ማታ ሻይ ይዤ ክፍሏ ገባሁ። መሄዱን መፍራቷን ነገረችኝ። ስለ ሕፃኗ ደስታ ብላ ዝም ማለቷንም ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ከምታዝንብኝ ብዬ ዝም ብዬ ነበር። ለሦስት ሳምንት አንዳችን ለአንዳችን ስንል ሁለታችንም ተጨንቀናል።

10ኛው የኢንሹራንስ ሰው ነው። መልሱ ደረቅ ነው፤ ግን ገንዘብ ያድናል። ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ ፈርቼ ቀረሁ ለሚል ሰው አይከፍልም። ታምሜ ቀረሁ ብሎ የሐኪም ማስረጃ ላመጣ ሰው ግን ብዙዎቹ ይከፍላሉ። በማንኛውም ምክንያት መሰረዝ የሚያስችል ተጨማሪ ሽፋን አለ፤ ዋጋው ይወደዳል፤ የሚመልሰውም አብዛኛውን ጊዜ ከወጪው ከ50 እስከ 75 በመቶ ነው። ዋናው ነገር ግን ቀኑ ነው። ያንን ሽፋን መግዛት የሚቻለው የመጀመሪያው ክፍያ ከተፈጸመ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እኔ የከፈልኩት በሴፕቴምበር ነው። ባቡሩ አምልጦኛል። አሁን ለክረምት የምታስቡ ካላችሁ ግን ለእናንተ አላመለጠም።

11ኛው እሱን አሟላ። የዲዝኒ ትኬት ገንዘቡ አይመለስም፤ ጥቅም ላይ ካልዋለ ግን ዋጋው ለሌላ ቀን ይያዛል፤ ልዩነት ካለ ይጨመርበታል። ትኬት መያዝ ብቻውን እንደማያስገባም አስታወሰ። ያኔ በየቀኑ የትኛው ፓርክ እንደሚገባ ቀድሞ ማስመዝገብ ያስፈልግ ነበር። ቀን የሚያዛውር ሰው ምዝገባውንም አብሮ ማዛወር ነበረበት።

12ኛውን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። አባት ነው። በዲሴምበር መጀመሪያ ሄደው በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሰባት ዓመት ልጁ አተኮሰ። ፈጣን ምርመራ አደረጉለት፤ ፖዘቲቭ። ያኔ መመሪያው አሥር ቀን ራስን ማግለል ነበር። እናትየው ትንሹን ይዛ ሌላ ክፍል ገባች፤ ከዚያ እነሱ ነፃ መሆናቸው ሲረጋገጥ ወደ ቤት ተመለሱ። አባትና ልጅ እዚያው ቀሩ። በዓል ስለነበር የክፍሉ ዋጋ በየምሽቱ ይለያይ ነበር። ምግብ በር ላይ ይቀመጥላቸዋል። ልጁ በሦስተኛው ቀን ተሻለው፤ ችግሩ ያኔ ጀመረ። ደኅና ሆኖ ሊወጣ አይችልም። ማታ ማታ ርችቱ ሲተኮስ መጋረጃውን ገልጦ ከሕንፃዎቹ በላይ የሚታየውን ብልጭታ ይቆጥር ነበር። አባትየው የሚያማርረው በሽታውን አይደለም። ሁለት ሻንጣ ልብስ ሞልተው ሲሄዱ፣ አንድ ሰው ቢታመም ማን ከማን ጋር እንደሚቀር አለመነጋገራቸውን ነው። አንጀቴን በላው።

13ኛው ዲሴምበር 27 ማታ የገባ ነው። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ የማግለያውን ጊዜ ከአሥር ወደ አምስት ቀን ማውረዱን ይዞ መጣ። ምልክት የሌለው ወይም እየተሻለው ያለ ሰው ከአምስት ቀን በኋላ ሊወጣ ይችል ነበር፤ ተጨማሪ አምስት ቀን ግን ሰው መሀል ማስክ ማድረግ ነበረበት። ጸሐፊው በዚህ ተደስቶ፣ እንግዲህ መሄድ ቀሏል አለ።

14ኛዋ ነርስ ናት። ከአዳር ሥራ እንደወጣች መኪና ውስጥ ሆና ነው የጻፈችው። ቁጣዋ ከእያንዳንዱ ቃል ይወጣል። የሥራ ባልደረቦቿ አንድ በአንድ እየታመሙ ነው፤ የቀሩት የሦስት ሰው ሥራ ይሠራሉ። በዚህ ሰሞን እግሩን ሰብሮ የሚመጣ ልጅም ወረፋ ይጠብቃል። መዝናኛ ይቅር አላለችም፤ ዘንድሮ ጃንዋሪ ይለፍ ነው ያለችው። 15ኛው በዚያው ሙቀት መለሰላት። ልጆቹ ሁለት ዓመት ቤት ተዘግተው እንደከረሙ፣ ያም ጤና እንደሆነ፣ ሁሉም ሰው እንደ ሆስፒታል ሠራተኛ እንዲያስብ መጠየቅ እንደሌለበት ጻፈ። 1ኛው ጣልቃ ገብቶ ሁለቱንም ለማብረድ ሞከረ፤ ቁጥሩ 16 ነው። አልበረዱም። እኔ ሁለቱም እውነት አላቸው እላለሁ፤ ግን ከነርሷ ጋር ነኝ። የተጨናነቀ ሆስፒታል ለማንኛውም ጉዞ የመጨረሻው መጠባበቂያ ነው። እሱ በሌለበት ከልጅ ጋር ርቆ መሄድ ያስፈራኛል።

ክሩ ከዚህ በኋላ ትንሽ መንገድ ሳተ። መሳቱንም ወደድኩት፤ ሁላችንም መተንፈስ ያስፈልገን ነበር። 17ኛው የጃፓንን ነገር አመጣ። በ2020 ፓርኮቹ ሲከፈቱ የፓርክ ማኅበራቱ ጎብኚው ሮለር ኮስተር ላይ እንዳይጮህ ጠይቀው ነበር፤ ጩኸት ከአፍ የሚወጣውን ጠብታ ስለሚያበዛ። ፉጂ-ኪው ሃይላንድ የተባለው ፓርክ ሁለት ኃላፊዎቹ ማስክ አድርገው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ኮስተሩ ላይ ሲወርዱ የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። መልእክቱም ጩኸቱን በልባችሁ ጩኹት የሚል ነበር። 18ኛው የሻንጋይን ጨመረ። ኦክቶበር 31 ቀን 2021 ከአንድ ጎብኚ ጋር በተያያዘ ሻንጋይ ዲዝኒላንድ ውስጥ የነበሩ ከ30,000 በላይ ሰዎች ሳይመረመሩ እንዳይወጡ ተደረገ። ርችቱ ከላይ እየተተኮሰ፣ ከታች ሙሉ የመከላከያ ልብስ የለበሱ ሠራተኞች ምርመራ ይወስዱ ነበር። 19ኛው ደግሞ ድሮ ነፃ የነበረው የሰልፍ ማቋረጫ ቀርቶ ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ ጂኒ ፕላስ በሚባል፣ ያኔ በሰው በቀን 15 ዶላር ይከፈልበት በነበረ አገልግሎት መተካቱን አማረረ። እዚህ ክር ውስጥ ቦታው አይደለም፤ ግን ቤት ውስጥ የሚቆሙበትን ሰዓት ካሳጠረ ለኛም ጉዳይ ነው ብሎ አያያዘው። አያያዙ አልከፋም።

20ኛው ፓርኩ ተመልሶ ይዘጋ ይሆን ብሎ ጠየቀ። 21ኛው በዚያ ላይ ዕቅዳችሁን አትመሥርቱ ሲል መለሰ። ዲዝኒ ወርልድ በማርች 2020 ተዘግቶ የተከፈተው ጁላይ 11 ነው። በማግስቱ ፍሎሪዳ በአንድ ቀን ከ15,000 በላይ አዲስ ታማሚ አስመዘገበች፤ ፓርኩ ግን አልተዘጋም። ስለዚህ ፓርኩ ሲዘጋ ገንዘቤ ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ሊጠብቅ ነው። ውሳኔው የቤተሰቡ ነው። የሚያሳስበው ይልቅ በረራው ነው፤ በገና ሰሞን ሠራተኞች ስለታመሙ አየር መንገዶች በሺዎች የሚቆጠሩ በረራዎችን ሰርዘዋል።

22ኛዋ እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ወደ ተግባር አወረደችው። ሄዳችሁም ቀራችሁም፣ መመለሻውን አሁን ጻፉት አለች። ሆቴሉ ሳይቀጣ የሚሰርዝበት የመጨረሻው ቀን መቼ ነው? ከዚያ ቀን በፊት ባለው ማታ ተቀመጡና ወስኑ። የመመርመሪያ ኪት ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ በዚህ ሰሞን መድኃኒት ቤት መደርደሪያው ባዶ ነው። አንዱ ቢታመም የሚቀረው ትልቅ ሰው ስሙ ይታወቅ። የአምስት ተጨማሪ ቀን ወጪ ለብቻው ይቀመጥ፤ ከሌለ ጉዞው ገና አልደረሰም። በዚህ ክር ሦስት ሰዎች በነገሩ ሁሉ የተስማሙበት ብቸኛው መልስ ይህ ነው።

የኛ ሆቴል ያለ ቅጣት የሚሰርዘው አምስት ቀን ሲቀረው ነው። ያ ጃንዋሪ 3 ነበር። ጃንዋሪ 2 ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሦስታችን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። የሚቀረው ትልቅ ሰው ማን ይሁን የሚለው ጋ ስንደርስ ባለቤቴ ዝም አለ። በአዲሱ ዓመት የጀመረው ሥራ ገና ፈቃድ አይሰጠውም። እኔ ከታመመው ልጅ ጋር ብቀር ሌላኛውን የሚይዘው እናቴ ናት፤ እሷ ደግሞ ከተጋለጠ ልጅ ጋር አንድ ቤት ውስጥ መሆን የለባትም። ስሌቱ አልዘጋም አለን። በማግስቱ ሰረዝኩት። በዚያው ቀን አሜሪካ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዲስ ታማሚ መዘገበች። በበዓሉ የተጠራቀመው ቁጥር አብሮ እንደተቆጠረ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አልጸጸተኝም።

መሰረዜን እዚሁ ስጽፍ 23ኛ ሆኖ ማን እንደመጣ ገምቱ። 3ኛው ሰው። ያ አንድ መስመር የጻፈው። ይቅርታ ጠየቀ፤ ቀጥሎም ካላንደር ይዞ ያሰላውን አስቀመጠ። ልጄ በኤፕሪል አምስት ስትሞላ የፋይዘርን የሦስተኛ ዙር ሙከራ መጠበቅ አያስፈልጋትም። ያን ዕለት የወንድሟን ክትባት ትወስዳለች። ሁለተኛው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ይጨመር። በሜይ አጋማሽ ላይ ትጨርሳለች። እንግዲህ ዘላለም ቅሩ አላልኳችሁም፣ አምስት ወር ነው ያልኳችሁ ሲል ጻፈ። ያንን መጀመሪያ ላይ አልጻፈውም ነበር፤ አሁን ግን ጻፈው፤ አመሰግነዋለሁ። ትኬቱን ለሜይ 28 አዛወርኩት። ሌላ ማዕበል ከመጣ ያቺው የ22ኛዋ ጠረጴዛ አለች።

24ኛው የእኚያ 9ኛውን መልስ የጻፉት እናት ነው። ስለ ፓርክ አንድም ቃል የለበትም። እናቴ እንዴት ናት ብለው ነው የጠየቁት።

ደኅና ናት፣ እማማ። ሰኞ ማታ ለልጄ ሰንሰለቱ መርዘም እንዳለበት የነገረቻት እሷ ናት። ትንሿ አለቀሰች፣ ከዚያ ስንት ቀለበት እንደሚጨመር ጠየቀች። 140 አልናት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ወረቀት ትቆርጣለች፣ ልጄ ሙጫ ትቀባለች። ትናንት ማታ 60 ደርሰዋል፤ ሰንሰለቱ ከወጥ ቤቱ በር ወጥቶ ወደ ሳሎን ዞሯል።